ሪድሚ ፋይል ሲነካ ኒክስ ለምን ሁሉንም እንደገና ይገነባል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በኒክስ (ፕሮግራሞችን የሚገነባና የሚጭን መሣሪያ) ቋንቋ በተጻፈ የቢልድ መግለጫ ላይ ሦስት ነገር አልገባኝም። ፍሌክ የሚባለው የፕሮጀክት አደረጃጀት አይደለም፤ ሶርሱ የተሰጠው «ይህ ፎልደር» በሚለው አጻጻፍ ነው (ነጥብ፣ ስላሽ፣ ነጥብ)።

ሪድሚው (የፕሮጀክቱ ማብራሪያ ፋይል) ላይ አንድ ቃል ሲታረም ኮዱ ሳይነካ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ኮምፓይል ይደረጋል። ያው የጊት ኮሚት ሌላ ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ሲወርድ ደግሞ የስቶሩ (ኒክስ የሚገነባውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ፎልደር) ሀሽ (ከግብዓት የሚሰላ መለያ) ይለያል። በተጨማሪም በ«ሬክ» (አባላቱ እርስ በርስ እንዲጠቃቀሱ በሚፈቅደው ቃል) በተጻፈ አትሪቢዩት ሴት (የስሞችና የእሴቶቻቸው ስብስብ) ላይ ቨርዥኑን በድርብ ስላሽ (ሁለት ሴቶችን በሚያዋህደው ምልክት) ብቀይረውም ስሙ የድሮውን ቨርዥን እንደያዘ ይቀራል። ቋንቋው ፒውር ፈንክሽናል (ለተመሳሳይ ግብዓት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጥ) ከሆነ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

መልስ 1

ከፒውርነቱ ነው የመጣው። ቋንቋው ራሱ ምንም እንደማይገነባ ልብ ይበሉ። ስሌቱ ሲያልቅ የሚወጣው ዴሪቬሽን የሚባል መግለጫ ነው፦ ቢልደሩ የቱ ነው፣ ምን አርጊውመንትና የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይሰጠዋል፣ ለየትኛው ሲስተም፣ ከየትኞቹ ግብዓቶች። ግንባታው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በውጤቱ የስቶር አድራሻ ላይ የሚያዩት ባለ 32 ፊደል ሀሽ በተለመደው አሠራር የሚሰላው ከዚህ መግለጫ እንጂ ከተገነባው ባይነሪ አይደለም። ኒክስ ሪድሚው ለኮምፓይለሩ ይጠቅም አይጠቅም አይመረምርም፤ ፎልደሩ ውስጥ ካለ ግብዓት ነው።

ሀሹ ውስጥ የሚገባው የፋይሎቹ ስምና ይዘት፣ የኤክስኪውት ፈቃድ መኖር አለመኖሩ እና የሲምሊንኮች መድረሻ ነው። ፋይሉ የተቀየረበት ሰዓት አይገባም። ይዘቱን ሳይለውጡ ደግመው ሴቭ ቢያደርጉ ምንም አይገነባም።

መፍትሔው የሚያስፈልገውን ብቻ መስጠት ነው። የኒክስፓኬጅስ (የኒክስ የፓኬጆች ስብስብ) ላይብረሪ ውስጥ «ፋይልሴት» አለ፤ የ«ቱሶርስ» ፈንክሽኑን ይጥሩ፣ ሩቱን ፎልደሩ ያድርጉ፣ ከዚያ የኮዱን ንዑስ ፎልደርና የዲፔንደንሲ ፋይሎቹን በ«ዩኒየንስ» ይዘርዝሩ። የማይፈለገውን ከመቀነስ የሚፈለገውን መዘርዘር ይሻላል፤ ነገ የሚጨመር ማስታወሻ ወይም የኤዲተር ፋይል ሳይታወቅ አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄዎም በዚሁ ይፈታል። ፎልደር በቀጥታ ወደ ስቶር ሲቀዳ የራሱን ስም ይዞ ይገባል፣ ስሙም የአድራሻው ስሌት ክፍል ነው። «ቱሶርስ» ግን ሁልጊዜ «ሶርስ» የሚል ስም ይሰጣል። ፋይልሴት የማይጠቀሙ ከሆነ በቢልቲኖቹ (ከቋንቋው ጋር በሚመጡት ፈንክሽኖች) ውስጥ ባለው «ፓዝ» ፈንክሽን ቋሚ ስም ይስጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፓዝን (የፋይል አድራሻን) በ«ቱስትሪንግ» ወደ ጽሑፍ አይለውጡት። በዶላር ምልክትና በቅንፍ ስትሪንግ ውስጥ ሲገባ ፋይሉ ወደ ስቶር ይቀዳል፤ በ«ቱስትሪንግ» ግን የማሽንዎ አድራሻ ብቻ ነው የሚወጣው። ሳንድቦክሱ (ግንባታው ከቀረው ማሽን ተነጥሎ የሚካሄድበት ቦታ) ያንን አድራሻ ስለማያየው ግንባታው ፋይሉ የለም ብሎ ይወድቃል።

መልስ 2

ስለ «ሬክ» ልጨምር። ድርብ ስላሽ የቆየውን ሴት አይለውጥም፤ በዚህ ቋንቋ አንዴ የተሰየመ እሴት አይለወጥም። አዲስ ሴት ይሠራና በቀኝ ያለው በግራ ያለውን ይሸፍናል። በ«ሬክ» ውስጥ ያለው ስም ግን የሚያመለክተው ያንኑ የውስጡን ቨርዥን ነው፤ ቋንቋው ሌዚ (እሴትን ሲፈለግ ብቻ የሚያሰላ) ቢሆንም፣ ስሙ ዘግይቶ ቢሰላም፣ ቨርዥኑን የሚፈልግበት ቦታ አይለወጥም። ደግሞም ድርብ ስላሽ የሚያዋህደው የላይኛውን እርከን ብቻ ነው፦ በሁለቱም በኩል «ሜታ» (ስለ ፓኬጁ የሚገልጽ ሴት) ካለ የቀኙ የግራውን እንዳለ ይተካል፣ የግራው ላይሰንስ ይጠፋል።

ለፓኬጅ ትክክለኛው መንገድ ለ«ሜክዴሪቬሽን» (ዴሪቬሽን ለሚሠራው ፈንክሽን) በሴት ፈንታ ፈንክሽን መስጠት ነው። አርጊውመንቱ (በልማድ «ፋይናልአትርስ» ይባላል) ለውጦች ሁሉ ካለፉ በኋላ ያለው ሴት ነው። ስሙና ሶርሱ ቨርዥኑን ከዚያ ይውሰዱ፣ ለውጡም በ«ኦቨራይድአትርስ» ይደረግ። ይህ የሚሠራው በሌዚነት ምክንያት ነው፤ ሴቱ ገና ሳያልቅ ራሱን መጥቀስ ይችላል። ቨርዥኑን ራሱን ከፋይናሉ ቨርዥን ከጻፉት ግን «ኢንፊኒት ሪከርዥን» (ማለቂያ የሌለው ራስን መጥራት) የሚል ስህተት ይመጣል።

ጠያቂው

ሠርቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን በአንድ ከጊትሃብ የሚወርድ ዲፔንደንሲ ላይ ቨርዥኑን ብቻ ስለውጥ ግንባታው ያለ ስህተት አለቀ፤ ውስጡ ግን የድሮው ኮድ ነው።

መልስ 1

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው፣ ምክንያቱም ምንም ስህተት አይታይም። ተራ ዴሪቬሽን በሳንድቦክስ ውስጥ ኔትወርክ የለውም። ኔትወርክ የሚፈቀደው ውጤቱ በሀሽ አስቀድሞ ለተነገረ፣ ፊክስድ አውትፑት ለሚባለው ዓይነት ነው። የዚህ አድራሻ የሚሰላው ከስሙና ከተነገረው ሀሽ ነው፤ ዩአርኤሉ አይቆጠርም። የጊትሃቡ አውራጅ በተለምዶ ለውጤቱ «ሶርስ» የሚል አንድ ዓይነት ስም ይሰጣል። ሀሹን ካልቀየሩ አድራሻው ያው ነው፣ ስቶሩ ውስጥም ስላለ ኒክስ ማውረዱን እንኳ አይሞክርም። የማሽንዎ ስቶር ባዶ ቢሆን ኖሮ አዲሱን አውርዶ ሀሹ አልገጠመም ብሎ ይቆም ነበር፤ ለዚህ ነው ስህተቱ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ማሽን ላይ የሚገለጠው።

ቨርዥን በቀየሩ ቁጥር ሀሹን በላይብረሪው «ፌክሀሽ» (ሆን ተብሎ የተሳሳተ ሀሽ) ይተኩ፣ ግንባታውን ያስነሱ፣ ሲወድቅ የሚያሳየውን ትክክለኛ ሀሽ ቀድተው ያስገቡ። ሀሹን ሳይነኩ ቨርዥኑን ብቻ የሚቀይር ለውጥ በኮድ ሪቪው ላይ አያሳልፉ።