አንድ ማዳበሪያ ጀንፈል በግራ 18፣ በቀኝ 16 ኪሎ! ሰብሳቢው ደጅ ቆሟል፣ እርዱኝ

ጀንፈል፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቡና ሰብሳቢው ደጃችን ላይ ነው፣ የመኪናውን ሞተር እንኳ አላጠፋም። መብራት የለም፣ የዲጂታል ሚዛኑ ባትሪ ደግሞ ሞቷል። ከጎረቤት ባለ ሁለት ሳህን የድሮ ሚዛን ተዋስን። አንድ ያልሞላ ማዳበሪያ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ግራ ሳህን ላይ ስናስቀምጠው 18 ኪሎ፣ ቀኝ ላይ ስናዞረው 16 ኪሎ። ያው ማዳበሪያ ነው! እማዬ "ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፣ 17 ይመጣል፣ አንድ ፈረሱላ" ትላለች። ሰውየው ደግሞ "ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ እንስፈረው፣ ይካካሳል" ይላል። የምንሸጠው 10 ፈረሱላ ነው። ማን ነው ልክ?

የቆጪ ልጅ፦
ሚዛኑ ከአባ ጅፋር ዘመን የተረፈ ነው እንዴ? ጅሬን ወስዳችሁ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አስቀምጡት።

አዌቱ ዳር፦
ወንድሜ፣ ፓወር ባንክ የለህም? ዲጂታሉን በሱ ሞክረው።

ጀንፈል፦
እህትህ ነኝ። ሞክረናል፣ ሶኬቱ አይገጥምም።

ሱቅ በደረቴ፦
ምን ያስጨንቃል፣ እናትሽ ልክ ናቸው። 18 ሲደመር 16፣ ለሁለት። 17።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ አትቸኩዪ። 30 ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ ጋ ያልተሳሳተ ተማሪ አላስታውስም። ነገሩ የአርኪሜደስ ነው፣ ከ2,200 ዓመት በፊት የተጻፈ። ሚዛን የሚያነጻጽረው ክብደትን ብቻ አይደለም። ክብደት ሲባዛ በክንዱ ርዝመት ነው፤ ክንድ የምልሽ ከዘንጉ መሃል እስከ ሳህኑ ያለውን ነው። የግራው ክንድ ከቀኙ ትንሽ ቢረዝም፣ ግራ ላይ ያለው ዕቃ ከብዶ ይታያል። ቀኝ ስታዞሪው በዚያው እጥፍ ቀሎ ይታያል። ልብ በይ፣ "በዚያው እጥፍ" ነው ያልኩት፣ "በዚያው ኪሎ" አላልኩም። ስለዚህ ሁለቱን መደመር ሳይሆን ማባዛት ነው፤ ያኔ የክንዶቹ ርዝመት ይጣፋል። 18 ሲባዛ በ16፣ 288። የዚህ ስኩዌር ሩት ነው እውነተኛው ክብደት። ካልኩሌተር ባይኖርሽም 17 በ17 289 መሆኑን ታውቂያለሽ። 288 ከሱ በአንድ ብቻ ያንሳል። መልሱ 16.97 ኪሎ ነው።

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ያወረዱት ለ30 ግራም ነው? ሰውየው እኮ ነዳጅ እያቃጠለ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
የዛሬው ትንሽ ስለሆነ ነው። ሚዛኑ 16 እና 9 ቢል ኖሮ በአማካይ 12 ኪሎ ተኩል ትላለህ፤ እውነቱ ግን 12 ነው። ገዢ ብትሆን ለሌለ ግማሽ ኪሎ ትከፍላለህ?

ጋራዥ፦
ቆይ ቆይ፣ ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ። ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን ቀጥ ይላል ወይስ ያዘነብላል?

ጀንፈል፦
ቀጥ ይላል። ዘንጉ በፊት ተሰብሮ ተበይዷል፣ በቀኝ በኩል ዳዶ በሽቦ ታስሮበታል።

ጋራዥ፦
ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪን! በብየዳው አንዱ ክንድ አጥሯል፣ ዳዶውን አስረው ባዶውን ቀጥ አስመሰሉት። ዕቃ ሲያርፍበት ጉዱ ይወጣል። መምህር ልክ ናቸው፣ ክንዱ ነው።

አዌቱ ዳር፦
የሌላ ሰው ፓወር ባንክ ሞክሪ፣ ሶኬቱ የሚገጥም አይጠፋም።

ሒሳብ ያዥ፦
እኔ የሰውየውን ሐሳብ አየሁት። 17 ኪሎ ብረት አንዱ ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ ጀንፈሉን በሌላው የምትሰፍሩ ከሆነ ተጠንቀቂ። ጀንፈሉ በግራ ሲሆን ቀጥ የሚለው 16.03 ኪሎ ላይ ነው። በቀኝ ሲሆን 18.03 ላይ። ሁለቱ ሲደመሩ 34.06። ለሁለት ፈረሱላ 60 ግራም ያህል ከእናንተ ይሄዳል፣ ለ10 ፈረሱላ 300 ግራም ገደማ። ይካካሳል ማለቱ ውሸት ነው። ሻጭ ይከስራል።

ሱቅ በደረቴ፦
ኧረ ተው! እናትየዋ በአማካይ 17 አሉ፣ እውነቱ 16.97 ነው ተባለ። ይሄ ሻጩ ያተረፈ አይደለም እንዴ? አንዴ ይከስራል፣ አንዴ ያተርፋል፣ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?

ሒሳብ ያዥ፦
ሁለቱም ልክ ነው። ያንኑ ማዳበሪያ በሁለት በኩል መዝነህ አማካይ ከወሰድክ፣ የሚቀያየረው ብረቱ ነው፤ ሻጭ ትንሽ ያተርፋል። ብረቱ 17 ላይ ተቆርጦ ጀንፈሉ የሚቀናነስ ከሆነ ግን ሻጭ ትንሽ ይከስራል። እኔም ወረቀት ላይ እስክሠራው አላመንኩም ነበር።

የቆጪ ልጅ፦
እኔ አሁንም አላመንኩም። ግን ወረቀት የለኝም።

ጋራዥ፦
300 ግራሙን እርሱት። ዋናው አደጋ ሌላ ነው። ሰውየው "ጊዜ የለኝም" ብሎ ሁሉንም ጀንፈል በቀኝ ሳህን ከሰፈረ፣ በእያንዳንዱ ፈረሱላ አንድ ኪሎ ትርፍ ይወስዳል። 10 ፈረሱላ ላይ ከ10 ኪሎ በላይ ሄደ ማለት ነው። በግራ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱ ይቀልጣል።

ጀንፈል፦
እያላችሁት ያለውን ለእማዬ አነበብኩላት። "ታዲያ ምን እናድርግ?" ትላለች። ስኩዌር ሩት የምትሉኝ ከሆነ ሰውየው ይሄዳል።

ጡረተኛው መምህር፦
ምንም ሂሳብ የማይፈልግ መንገድ አለ፣ የፈረንሳዩ ቦርዳ መንገድ ይባላል። ሰውየው የ18ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ነው፣ መርከበኛም ነበር። እሱ ጦርነት ላይ ተማርኮ...

ጋራዥ፦
ጋሼ ይቅርታ፣ መርከቡ ይቆየን። እህቴ፣ ስሚኝ። 17 ኪሎውን ብረት ቀኝ ሳህን ላይ አድርጊ። ባዶ ማዳበሪያም አብረሽ ጣይበት። ግራ ሳህን ላይ ድንጋይና አሸዋ እየጨመርሽ ቀጥ አድርጊው። አሁን ብረቱን ብቻ አንሺ። ድንጋዩን ማንም እንዳይነካ! ከብረቱ ጋር የነበረው ማዳበሪያ ውስጥ ጀንፈል ጨምሪ፣ ቀጥ እስኪል። ያ በትክክል አንድ ፈረሱላ ነው። ክንዱ ቢያጥር፣ ዳዶው ቢንጠለጠል ለውጥ የለውም፤ ብረቱም ጀንፈሉም የተመዘኑት በአንድ ሳህን፣ በአንድ ድንጋይ ነው። እንዲህ 10 ጊዜ ብቻ። ሰውየውም ቆሞ ይይ፣ ጭቅጭቅ አይኖርም።

ጀንፈል፦
አሸዋ አለ! ልሂድ።

ሱቅ በደረቴ፦
የኔ የሱቅ ሚዛን ግን ባዶውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እኔም ስኩዌር ሩት ላውጣ?

ሒሳብ ያዥ፦
ክንዶቹ እኩል ከሆኑ አያስፈልግህም። ያንተ አንዱ ሳህን ከብዶ ነው የሚሆነው። እንደዚያ ከሆነ በአንዱ በኩል የጨመረውን ያህል ኪሎ በሌላው ይቀንሳል፤ ደምረህ ለሁለት አካፍል፣ ልክ ይመጣል። ወይ ባዶው ቀጥ እስኪል ቀላሉ ሳህን ላይ የሆነ ነገር ጨምር።

ሱቅ በደረቴ፦
ከመጀመሪያውም ደምሮ ለሁለት ነው ብዬ ነበር!

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ ጀንፈል፣ እንዴት ሆነ? ተሸጠ?

አዌቱ ዳር፦
መብራት መጣ እኮ፣ ሰፈራችሁ አልመጣም?

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ፣ አሁን ስድስተኛው ፈረሱላ ላይ ናት። እስከዚያ መርከቡን ይጨርሱልን።