ሳይክሉን ማን ነጠቀን፣ መንገዱ ወይስ ጠባያችን?

አወያይ (ታቦር ሰፈር)
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬውን ክርክር ልክፈት። ትናንት ከሐይቅ ዳር ወደ ገብርኤል ስመጣ ሁለት ባጃጆች አንድ መታጠፊያ ላይ ተፋጠው አየሁ። አንዱም "እለፍ" አይልም። ሹፌሮቹን አውቃቸዋለሁ፣ የሰፈሬ ልጆች ናቸው። በልጅነታችን ሦስታችን አንድ ሳይክል በሰዓት ተከራይተን ተራ በተራ እንነዳ ነበር። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሮጦ ያነሳው ነበር።

ሐዋሳ የሳይክል ከተማ ነበረች። ሜዳ ናት። በ1950ዎቹ ስትቆረቆር በፕላን ስለተሠራች መንገዶቿ ቀጥ ያሉና ሰፊ ናቸው። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የቢሮ ሠራተኛው በሳይክል ሲመላለሱ አይቻለሁ። ታዲያ ምን ነካን? ጠባያችን ነው መንገዱን ያበላሸው ወይስ መንገዱ ነው እኛን የለወጠን? እኔ መንገዱ ነው ባይ ነኝ። ሳይክል ላይ ሆነህ የሰው ፊት ታያለህ፣ ሰላም ሳትል ማለፍ ይከብዳል። ሞተር ስትይዝ የምታየው የምትገባበትን ክፍተት ብቻ ነው።

መምህርት (ባህል አዳራሽ)
አልስማማም ወንድሜ። አስፋልት ማንንም አያስገድድም። ሳይክሉን የጣልነው እኛ ነን፤ የጣልነውም የድሃ ነው ያልን ዕለት ነው። እኔ የዛሬ 20 ዓመት ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ በሳይክል ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ መኪና መቼ ነው የምትገዢው?" አለኝ። ልጁ ክፋት አልነበረውም፣ ቤት የሰማውን ነው የደገመው። ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ተዉት። እኔም ተውኩት። ያኔ መንገዱ ምንም አልሆነም ነበር፣ ያው ሰፊ አስፋልት ነው። የተለወጠው ዓይናችን ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባጃጅ ሹፌር (መናኸሪያ)
ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛ ላይ ሊያርፍ ስለሆነ ከአሁኑ ልናገር። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት ያደረስኳት በባጃጅ ነው። ክረምት ላይ ልጅ ያዘለች እናት ሳይክል አትጠብቅም።

መጣደፋችንን ግን አልክድም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ አስገባለሁ። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን የቆምኩ ዕለትም ገቢው አይቀርም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ የሰው እጅ ላይ ነው። አንድ ሰው እጁን ካነሳ፣ ሌላው ሳይቀድመኝ ልድረስ ብዬ እጠመዘዛለሁ። እሁድ ባጃጇን አቁሜ በእግሬ ስሄድ ሌላ ሰው ነኝ። አሮጊት አሻግራለሁ፣ ከሰው ጋር ቆሜ አወራለሁ። ሰኞ ጠዋት መሪ ስይዝ ያንን ሰው አላገኘውም። ይሄን መንገድ ትሉታላችሁ ጠባይ? እኔ ገቢ ነው የምለው።

የከተማ ፕላን ተማሪ (ምስራቅ)
የሹፌሩ ወንድሜ ነገር በጣም ነካኝ። ትምህርት ላይ ያገኘሁትን አንድ ጥናት ላካፍላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ዶናልድ አፕልያርድ የሚባል ምሁር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አጠና። በአንዱ በቀን 2,000 ያህል መኪና ያልፋል፣ በሁለተኛው 8,000፣ በሦስተኛው 16,000። ጭር ባለው መንገድ የሚኖር ሰው እዚያው መንገዱ ላይ በአማካይ 3 ጓደኞች ነበሩት። መኪና በበዛበት ግን 0.9፣ አንድ እንኳ አይሞላም። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። መኪናው ሲበዛ ደጅ መቀመጥ ቀረ፣ ልጆቹም ወደ ውስጥ ገቡ።

ይሄ የእኛም ታሪክ ነው። ድሮ ሰፈራችን ቡና ሲፈላ "ቡና ጠጡ" ብሎ የሚጠራ ትንሽ ልጅ ነበር የሚላከው፣ መንገዱን ተሻግሮ። ዛሬ የአምስት ዓመት ልጇን አስፋልት አሻግራ የምትልክ እናት ማን ናት? ስለዚህ ማዶ ያሉት ሳይጠሩ ቀሩ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ስማቸውም ጠፋን።

ሳይክል መንዳት ደግሞ ለሆላንዶች ተፈጥሯቸው ነው የሚል አለ። አይደለም። እንደ አውሮፓ በ1971 ሆላንድ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰው በትራፊክ አደጋ ሞቷል። ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። በ1973 ደግሞ የነዳጅ ችግር መጣ። መንግሥት ቀስ በቀስ መንገዱን ለሳይክል መሥራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መምህርት (ባህል አዳራሽ)
ይኸው ራስህ መለስከው! መንገዱን ያስለወጠው የወላጆች ቁጣ ነው። ሰው ነው የቀደመው።

የከተማ ፕላን ተማሪ (ምስራቅ)
ልክ ነዎት ቲቸር። ግን ቁጣ ይበርዳል። አልበርድ ያለው የተሠራው መንገድ ነው። ቁጣውን ያላዩት የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በዚያው ይነዳሉ።

የፋብሪካ ሠራተኛ (ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ)
እናንተ ስለ ድሮዋ ሐዋሳ ታወራላችሁ። እኔ ድሮዋን አላውቃትም። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር ለሥራ ከመጡት ብዙ ሴቶች አንዷ ነኝ። እኛ ዘንድ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የመጣሁ ሰሞን መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እል ነበር። አንዳንዱ ደንግጦ አየኝ። አንዱ ደግሞ እስከ ቤቴ በር ተከተለኝ። ከዚያ በኋላ አንገቴን ደፍቼ መሄድ ለመድኩ።

ማታ ከፈረቃ ስወጣ አጭሩ መንገድ ጨለማ ነው። ስለዚህ መብራት ባለበት ዞሬ እሄዳለሁ። እዚያ ቆሎ የምትሸጥ እናት አለች። ለእሷ ቆሜ ሰላም እላለሁ፣ እናወራለን፣ እንስቃለን። ጨለማው ጋ ግን ቢጠሩኝም አልዞርም። ሳይክል ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ከሳይክሉ በፊት ግን አንድ አምፖል ቢበራልኝ።

አባት (ሐይቅ ዳር)
ልጆቼ፣ እኔ ብዙ አልጽፍም። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ አይታችኋል። ሰው መንገዱን ይሞላዋል። ያው መኪና፣ ያው ባጃጅ፣ ያው ሹፌር ቆሞ ያሳልፋል። ክላክስ የሚያደርግ አይገኝም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላም ሕዝቡ በዓሉን ሊያከብር ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ሲወርድ እንዲሁ ነው። ጠባዩ አልሞተም። መንገዱ የሰው ሲሆን ይመለሳል።

ደግሞም ሲዳማ አፊኒ የሚባል ወግ አለው። ከመወሰን በፊት "ሰማችሁ ወይ" ተባብሎ መመካከር ነው። ለመንገድስ ለምን አይሆንም? መንገድ ሊሠራ ሲታሰብ ሹፌሩም ይጠየቅ፣ ይህች ልጅም ትጠየቅ።

አወያይ (ታቦር ሰፈር)
አባቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስጀምር መንገዱ ነው ብዬ ነበር። አሁን እንደዚያ አፌን ሞልቼ አልናገርም። የሹፌሩን ገቢና የልጅቷን አምፖል ሳልቆጥር ነው የተናገርኩት። ቲቸርን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዓይናችን ነው የተለወጠው ካሉ፣ ዓይን በምክር ይመለሳል? እኔ አይመስለኝም። ሰው ጎረቤቱ ሲነዳ ካላየ አይነዳም። ጎረቤቱም አስፋልቱ ካስፈራው አይወጣም።

ስለዚህ ከተማው በሙሉ ይለወጥ አልልም። ከአንድ የውስጥ መንገድ እንጀምር። ፍጥነቱ ከ30 አይለፍ። ከ30 ወደ 50 ሲጨመር የግጭቱ ጉልበት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። መብራት ይግባበት። ለቀበሌው የምናቀርበውን ጥያቄ እኔ እጽፋለሁ፣ ፊርማ እናሰባስብ። የሹፌሩ ወንድሜ፣ አንተስ ትፈርማለህ?

መምህርት (ባህል አዳራሽ)
ሰው ነው የቀደመው ያልኩትን አልተውም። ፊርማው ግን የመጀመሪያው የእኔ ይሁን። ሳይክሌም ጓዳ ውስጥ አለ። ካላማዳሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ባጃጅ ሹፌር (መናኸሪያ)
እፈርማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። መንገዱ መግቢያ ላይ ተራ ጠብቀን የምንጭንበት ቦታ ይሰጠን። ተራ ካለ ሽሚያ የለም፣ ገቢዬንም ሳልጣደፍ አገኛለሁ። እሱ ከተጻፈ፣ ትናንት የተፋጠጡትን ሁለቱን ልጆች ይዤያቸው እመጣለሁ።