ቬንትሌተሩን ያስተካከለው ልጅ ለራሱ 2 ሰጠ

የከዚራው መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ የተማሪዎችን የፈጠራ ችሎታ በመጠይቅ እየለካሁ ነው፤ «አዳዲስ ሐሳቦች በቀላሉ ይመጡልኛል» ዓይነት 20 ዓረፍተ ነገሮች፣ ከ1 እስከ 5 የሚመለሱ። የክሮንባክ አልፋው (የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መስማማት የሚያሳየው ቁጥር) 0.86 ወጣና አማካሪዬ ደስ አላቸው። እኔ ግን ልቤ አላረፈም።

ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። በሚያዝያ፣ ሙቀቱ ሊያቀልጠን ሲደርስ፣ የክፍሉ ቬንትሌተር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይወድቅብናል ብለን አጠፋነው። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቦ ወጣ፤ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የቆረጠውን ላስቲክ በብሎኑ ሥር ሸጉጦ ጸጥ አሰኘው። ተቆጣሁት፤ በሆዴ ግን ተደንቄያለሁ። ይኸው ልጅ «የፈጠራ ሰው ነኝ» ለሚለው 2 ሰጠ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «አጠበቅሁት እንጂ ምን ፈጠርሁ?» አለኝ። ከፊቱ የሚቀመጠው ደግሞ ከላይ እስከ ታች 5 አክብቧል፤ «አዲስ ነገር መሞከር አልወድም» የሚለውን ጭምር። ይህን ወረቀት ምን ላድርገው?

ጁገል፦
መምህር፣ አልፋው የሚነግርዎት ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ብቻ ነው። ሃያዎቹም ትምክህትን ቢለኩ አልፋው ያምራል። ደግሞ ቃሉን ይዩት፦ ፈጣሪ አንድ ነው፤ «የፈጠራ ወሬ» ሲባል ውሸት ነው። ጨዋ ልጅ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የት ይግባ? ከማን ጋር ተወዳድሮ 2 እንዳለም አይታወቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ባለ 50 ጥያቄ መለኪያ ራስህን በዕድሜና በሕይወት ልምድ ከሚመስሉህ ጋር አወዳድር ይላል። የእርስዎ ልጅ ምናልባት ጋራዥ ከሚሠራ አጎቱ ጋር ተወዳድሮ ይሆናል። የባለ 5ቱን ወረቀት ለይተው ያስቀምጡት፤ አላነበበውም።

የሰፊዋ ልጅ፦
እናቴ ሐረር ውስጥ ስፌት ትሰፋለች። «አዲስ ነገር ትፈጥሪያለሽ?» ብትሏት ትስቅባችኋለች። ግን አምስት ሙዳይ ደርድሩላት፤ የትኛው ከሌላ እንደተቀዳ፣ የትኛዋ ሴት ቀለሙን ከራሷ እንዳመጣችው ሳታመነታ ትለያለች። ጎረቤቷን ለብቻዋ ጠይቁ፤ ያንኑ ሙዳይ ታነሣለች። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴሬሳ አማቢሌ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበችው ዘዴ ከዚህ አይርቅም፦ ሥራውን ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ሳይመካከሩ ለየብቻ ይመዝኑት፣ ከዚያ መስማማታቸው ይታይ።

ጁገል፦
እስማማለሁ፤ ግን ለ200 ተማሪ ዳኛ ከየት ይመጣል? መጠይቁ ይቅር አልልም፤ «ምን ነህ?» ማለቱን ትቶ «ምን ሠራህ?» ይበል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የፈጠራ ስኬት መጠይቅ እንዲህ ነው፤ ሆኖም ሽልማትና ሕትመት ስለሚቆጥር የእርስዎ ልጆች ዜሮ አጠገብ ይከማቹበታል። ለቤትና ለሰፈር በሚሆን መልኩ የራስዎን ይጻፉ።

የከዚራው መምህር፦
ሞከርሁት። «በዚህ ዓመት በእጅህ የሠራኸውን ወይም ያስተካከልኸውን ጻፍ» አልኋቸው። የኋላው ልጅ ግማሽ ገጽ ሞላ፤ ከተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ የሬዲዮ አንቴና መሥራቱ አለበት፤ ቬንትሌተሩን ግን ረስቶታል። ባለ 5ቱ አንድ ቃል ጻፈ፦ «ሄሊኮፕተር»።

የሰፊዋ ልጅ፦
ይዞት ይምጣ።