የቢች ቮሊቦል (የአሸዋ መረብ ኳስ) የውድድር ዘመን እንዴት ነው የሚሄደው?

የሐዋሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዶሃ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለክፍላችን መረብ ኳስ እጫወት ነበር፤ ለስማሽ ኳስ የማነሳው እኔ ነበርኩ። የኳታሮቹን ሸሪፍንና አህመድን ካየሁ ወዲህ ይሄ የአሸዋ ጨዋታ ልቤን ወስዶታል። አንዱ ሴኔጋል፣ አንዱ ጋምቢያ ነው የተወለዱት። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ነሐስ ሲያገኙ እንደ አገሬ ልጆች ነው እልል ያልኩት። ዓመቱን ሙሉ መከታተል ግን አቃተኝ። አንድ ሳምንት ይጫወታሉ፣ በቀጣዩ ስማቸው የለም። የደረጃ ሰንጠረዡ የት ነው ያለው? ደግሞ አንዱ ተጫዋች ኳሷን በጣቱ ጫፍ ከመረቡ አሳልፎ ጣል ሲያደርጋት ዳኛው ፊሽካ ነፋበት። እኛ እኮ ብዙ ነጥብ ያገኘነው በሷ ነው!

አሸዋ ወዳድ፦
እህቴ፣ እንደ ሊግ አትይው። ወደ ሜዳ ቴኒስ ነው የሚቀርበው። በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ ቢች ፕሮ ቱር ይባላል። የየከተማው ውድድር ራሱን የቻለ ነው፤ ዋንጫውም እዚያው ያልቃል። ትልቁ ኤሊት 16 ነው፣ ቀጥሎ ቻሌንጅ፣ ከሥር ፊውቸርስ። ኤሊት 16 ዋናው ዙር ላይ 16 ጥንዶች ብቻ ይጫወታሉ። ለመግባት ከሌሎች ውድድሮች የሰበሰቡት ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥብ ያነሳቸው በማጣሪያ ይሞክራሉ። ሁሉም በየሳምንቱ አይሄድም፣ ሰውነት ማረፍ አለበት። እኔ የማላልፈው ግሽታድን ነው። የስዊዘርላንድ ተራራ መንደር ናት፤ ባሕር የሚባል የለም፣ አሸዋውን አምጥተው ነው የሚያፈሱት።

ከስቶክሆልም፦
አሸዋ ላይ በተከፈተ እጅ፣ በጣት ጫፍ ጣል ማድረግ ክልክል ነው። በጣት አንጓ ከሆነ ይፈቀዳል። 8 በ8 ሜትሩን የሚሸፍኑት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ያቺ ኳስ ብትፈቀድ ማን ይደርስባታል?
ኳስ አንሺ ከነበርሽ ደግሞ የኛን የስዊድኖቹን ጥንድ ኦማንና ሄልቪግን እዪ። ሌላው በአብዛኛው ሁለተኛዋን ኳስ፣ ለመቺው የምትነሳዋን፣ ቆሞ ያነሳል። እነሱ ዘለው ነው። በአየር ላይ እያለ ይምታት ወይ ለጓደኛው ያንሳት፣ ብሎክ የሚያደርገው፣ መረቡ ላይ ዘሎ የሚከላከለው ሰው አያውቅም። ቢዘል ተሸወደ፣ ባይዘል ተመታበት። ፓሪስ 2024 ላይ ኳታሮችሽን በግማሽ ፍጻሜ አሸንፈው፣ ፍጻሜውን ጀርመኖቹን 21 ለ10 እና 21 ለ13 ረቱ። ያኔ ሁለቱም ገና 22 ዓመታቸው ነበር።

የሐዋሳ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍጻሜውን ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ አየሁት። ዘለው የሚያነሷትን ኳስ እየመለስኩ እየመለስኩ ነው ያየኋት። እኛን አሰልጣኛችን «እግራችሁ መሬት ይያዝ» ነበር የሚለን። አርብ እረፍት ነኝ፣ ከልጆቹ ጋር አሸዋ ላይ እሞክራታለሁ። በአንጓ መንካቱ ግን ጣት አያሳምምም?

ከስቶክሆልም፦
መጀመሪያ ሰሞን ያምማል። ጣቶችሽን አጥፈሽ አጥብቂያቸው፣ የእጅሽ አንጓም አይልፈስፈስ። አርብ እንዴት እንደሆነልሽ ንገሪን።