ለሳይት ሥራ የሚሆን ሴፍቲ ጫማ፦ ሲገዛ ምን ይታያል? እንዴትስ ይያዛል?

ጥያቄ፦ ፌሮ ሠራተኛ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፎቅ ግንባታ ላይ ፌሮ አስራለሁ፤ የአርማታ ሙሌት ሲኖርም እገባለሁ። የምገዛው ሴፍቲ ጫማ ክረምቱን አይሻገርልኝም። ሶሉ ከፊት በኩል አፉን ይከፍታል፤ ቆዳውም እግር በሚታጠፍበት ቦታ ይሰነጠቃል። አፍንጫው ውስጥ ያለው ብረት ትንሿን ጣቴን ይልጠኛል፣ ተረከዜም ውኃ ይቋጥራል። ስገዛ ምን ምኑን ልይ? ከገዛሁ በኋላስ አያያዙ እንዴት ነው? ሚስማር ያለበት ጣውላ በየቦታው ስለሚጣል ሶሉ የማይበሳ መሆን አለበት።

መልስ፦ የሳይት ሴፍቲ ተቆጣጣሪ

ወንድሜ፣ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ምላሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። የአውሮፓን ደረጃ የሚከተል ሴፍቲ ጫማ «ኢኤን አይኤስኦ 20345» (EN ISO 20345) ይላል። ቁጥሩ 20347 ከሆነ የሥራ ጫማ ነው እንጂ የጣት መከላከያ እንዲኖረው አይገደድም። 20345 የሆነው አፍንጫ በ200 ጁል ምት ይፈተናል፤ ይህ 20 ኪሎ ክብደት ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅበት ማለት ነው። ከዚህ ሌላ የ15 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የ1.5 ቶን ገደማ ጭነት ጫና መቻል አለበት። ብረትም ሆነ ኮምፖዚት (ፕላስቲክና ፋይበር ተዋህዶ የተሠራ) ፈተናው አንድ ነው። ኮምፖዚቱ ቀለል ይላል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜም ቶሎ አያስተላልፍም።

ቀጥሎ የ«ኤስ» (S) ቁጥሩን እይ። ኤስ1 ለደረቅ ቦታ ነው። ኤስ1ፒ ሚስማር መከላከያ ይጨምራል። ኤስ2 ቆዳው ውኃ ቶሎ እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራ ነው። ኤስ3 የኤስ1ፒንም የኤስ2ንም ይዞ ሶሉ ጥርስ አለው። ለአንተ ሥራ ከኤስ3 አትውረድ። ሆኖም ኤስ3 ማለት ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ይቆማል ማለት አይደለም፤ የቆዳው ፈተና 60 ደቂቃ ነው፣ ስፌቱና ምላሱም በዚህ ፈተና ውስጥ አይገቡም።

ሚስማር መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። የብረት ሳህኑ ቀጭን ሚስማርን የተሻለ ይመልሳል፣ ግን ይከብዳል፤ እስከ ሶሉ ጠርዝም ስለማይደርስ ዳርና ዳሩ ክፍት ይቀራል። የጨርቁ መከላከያ የእግርን ሥር ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ይታጠፋል፣ ቀላልም ነው፤ ድክመቱ ቀጭንና ሹል ሚስማር ላይ ነው። በ2022 በወጣው የደረጃው እትም ጨርቁ «ፒኤል» (PL) ካለ በ4.5 ሚሊ ሜትር ሚስማር፣ «ፒኤስ» (PS) ካለ ደግሞ በ3 ሚሊ ሜትር ሚስማር ተፈትኗል። ጣውላ የሚነቀልበት ሳይት ላይ ብረቱን ወይም ፒኤሱን ምረጥ።

የሙሌት ቀን የቆዳ ጫማ አታድርግ። ለዚያ ቀን ኤስ5 የሆነ የጎማ ቦቲ አለ፤ አፍንጫም ሚስማር መከላከያም አለው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ የሚበላ ኃይለኛ አልካላይ ነው፣ የአልካላይነቱ መለኪያ ፒኤች ከ12 በላይ ነው። ጫማ ውስጥ ከገባ ቆዳህን ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚሰማህ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ወዲያ ነው። ሱሪህን ቦቲው ውስጥ አትክተት፣ ከላይ አውርደው፤ አለዚያ የሚፈናጠቀው አርማታ በቅልጥምህ በኩል ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ከኪስህ ከማውጣትህ በፊት በጽሑፍ ጠይቅ፤ ስትጠይቅም «ሴፍቲ ጫማ» ብለህ አትተው። ኤስ3፣ የእግር ቁጥርህንና የሚስማር መከላከያውን ዓይነት ጥቀስ።

መልስ፦ የቆዳ ባለሙያ

ሶልህ አፉን የሚከፍትበትና የጫማህ ቆዳ የሚሰነጠቅበት ምክንያት የተለያየ ነው።

ቆዳው የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው የቆዳ ክፍል ስላልሆነ ነው። የከብት ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ በንብርብር ሲከፈል የላይኛው ንብርብር ጠንካራው ነው፤ የታችኛው ቃጫማ ስለሆነ ፕላስቲክ ተቀብቶ የላይኛውን እንዲመስል ይደረጋል። ሱቅ ውስጥ ለመለየት ጫማውን ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ በአውራ ጣትህ ተጫነው። እውነተኛው የላይኛው ቆዳ ብዙ ጥቃቅን መስመር ያወጣል፣ ስትለቀው ይመለሳል። ፕላስቲክ የተቀባው እንደ ወረቀት አንድ ወፍራም እጥፋት ያወጣል። ምላሱ አካባቢ ያልታጠፈ ጠርዝ ካገኘህም እይ፤ ፕላስቲኩ ላይኛው ላይ እንደ ቀጭን ንጣፍ ለብቻው ይታያል። ይህኛው አንዴ ከተሰነጠቀ ምንም ቅባት አይመልሰውም፣ ቅባቱ በፕላስቲኩ አያልፍምና።

ሶሉን በተመለከተ አሠራሩን ጠይቅ። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀው ርካሹ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቀላል ፕላስቲክ በፈሳሽነቱ ፈስሶ በቀጥታ ቆዳው ላይ የጠነከረው ቀላልና ምቹ ነው፤ ሲያልቅ ግን ሶል አይቀየርለትም። ዙሪያውን በቆዳ ጠርዝ ላይ የተሰፋው ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ መጀመሪያ ላይም ግትር ነው፤ ነገር ግን ሶሉ ብቻ ተነቅሎ ሌላ ይሰፋለታል። ተጠንቀቅ፣ በማስቲሽ የተጣበቀ ሶል ላይ ለጌጥ ክር የሚያስመስሉ አሉ። የእውነቱ ስፌት ከሶሉ ሥር ባለው ቦይ ውስጥም ይታያል።

ሰው የማያየው ደግሞ የተመረተበት ቀን ነው። ፖሊዩሬቴን በአየር ውስጥ ባለ እርጥበት ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ሳይደረግ ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም። ሶሉ ሥር እንደ ሰዓት ክብ የሆነ ምልክት ፈልግ፤ ቀስቱ ወሩን፣ መሐሉ ያለው ቁጥር ዓመቱን ያሳያል። ከሦስት ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ የቆየ ከሆነ ቢረክስም ተወው።

ጥያቄ፦ ፎርማን (ሴት)

እኔ 37 ቁጥር ነኝ፤ ሳይት የሚመጣው ግን ከ40 ጀምሮ ነው። ሁለት ካልሲ ደርቤ ባደርግስ?

መልስ፦ የሳይት ሴፍቲ ተቆጣጣሪ

አይሆንም እህቴ። ካልሲው እርስ በርሱ እየተንሸራተተ ውኃ ያስቋጥርሻል፤ እግርሽ ውስጡ ሲንቀሳቀስም ጫማው የሚታጠፍበት ቦታና ጣትሽ የሚታጠፍበት ቦታ አይገናኙም። መሰላል ላይ ደግሞ ያደናቅፋል። ትክክለኛ ቁጥርሽ በግዥ ጥያቄው ላይ ይጻፍ፤ ሴፍቲ ጫማ ከ36 ጀምሮ የሚያመርቱ አሉ።

ቁጥር ለማወቅ ተረከዝን ግድግዳ አስነክቶ ወረቀት ላይ መቆም ነው። ረጅሙ ጣት ጋ ምልክት አድርጉና በማስመሪያ ለኩ። በሴንቲ ሜትር ያገኛችሁት ላይ 1.5 ደምሩ፣ ከዚያ በ1.5 አባዙት። እግር 26.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 28 ጊዜ 1.5፣ ማለትም 42 ነው። ሁለቱንም እግር ለኩ፣ ትልቁን ያዙ። ወደ አመሻሹ ብትለኩ ይሻላል፣ እግር ቀን ሲውል ያብጣልና።

ፌሮ ሠራተኛው ወንድማችን ጣቱን የሚልጠው ምናልባት ርዝመቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው። የጣት መከላከያው እንደ ቆዳው እየሰፋ አይሄድም፤ ሱቅ ውስጥ የነካህ ጫማ ዓመቱን ሙሉ ይነካሃል። ስትሞክር በሥራ ካልሲህ ሁን። ክሩን ፈተህ እግርህን ወደፊት ግፋ፤ ከተረከዝህ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ አስረህ ቁጢጥ በል። የብረቱ ጠርዝ የጣትህን መገጣጠሚያ ከጫነ ቁጥር ከመጨመር ይልቅ ሰፊ ቅርጽ ያለው ሌላ ሞዴል ፈልግ፤ ቁጥር ስትጨምር ተረከዝህ ይለቃል፣ ውኃ የሚቋጥረውም ይኼው ነው። ወፍራም የውስጥ ሶል መጨመርም እግርን ወደ ብረቱ ያስጠጋዋል።

መልስ፦ ጫማ ሰፊ (መርካቶ)

ልጄ፣ ጫማ የሚሞተው ማታ ማታ ነው። ጭቃውና ሲሚንቶው ላዩ ላይ ደርቆ ካደረ የቆዳውን ቅባት ይመጠዋል፣ ክሩንም ያበሰብሰዋል። ከሥራ ስትወጣ በብሩሽና በውኃ እጠበው፤ የሶሉን ጥርስና ስፌቱን አትርሳ። የውስጡን ሶል አውጣ፣ ክሩን እስከ ታች አላላ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት። ጋዜጣው ሲርስ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቀይረው። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይደር። ከሰል አጠገብ፣ ምድጃ ላይ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ አታስጣ። እርጥብ ቆዳ በሙቀት ይኮማተራል፣ ማስቲሹም ይለሰልሳል፤ ያንተ ሶል ከፊት የከፈተው በዚህ ቢሆን አይገርመኝም። ከቻልክ ሁለት ጫማ ይኑርህና አፈራርቅ፤ የራሰ ጫማ በአንድ ሌሊት ውስጡ አይደርቅም።

ቅባት ሲሚንቶ ባለበት ሥራ በየሁለት ሳምንቱ በቂ ነው፤ ጫማው ንጹሕና ደረቅ ሲሆን፣ ስስ አድርገህ፣ ስፌቱና ምላሱ ሥር እያስገባህ። ሰም ያለበት የጫማ ቀለም ይሆናል። በጋዝ ወይም በተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያሹ አሉ፤ ማስቲሹን ይፈታዋል፣ ክሩንም ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ፌሮ ሠራተኛ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሞራስ? ሳይት ላይ የሚቀቡ አሉ።

መልስ፦ ጫማ ሰፊ (መርካቶ)

ሞራ ያለሰልሳል፣ ድሮም ለቆዳ ይውል ነበር። ትንሽ ከሆነ አይጎዳም።

መልስ፦ የቆዳ ባለሙያ

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ባልስማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሞራ ውሎ አድሮ ይገማል፣ በክረምትም ሻጋታ ይጠራል። ሲበዛ ቆዳውን አለልክ ያላላውና የስፌቱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ውኃም በዚያ ይገባል። በሰም የተሠራው ይሻላል። ሻጋታ ከያዘ አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅሎ በጨርቅ መጥረግ፣ በጥላ ማድረቅ፣ ከዚያ መቀባት ነው።

ጥያቄ፦ ፌሮ ሠራተኛ

አሁን ያለው ጫማዬ ሶሉ ከፊት ሁለት ጣት ያህል ተላቋል። ይጠገናል ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ ጫማ ሰፊ (መርካቶ)

መጀመሪያ ሶሉን በጥፍርህ ፋቀው። ከተፈረፈረ ወይም እንደ አይብ ከተቆረሰ አይያዝም፤ ማስቲሹ ቢይዝ እንኳ የያዘው ራሱ እየፈረሰ ነው። ጠንካራ ከሆነ ግን የድሮውን ማስቲሽ በሙሉ አንሳ፣ ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ አቧራውን ጥረግ፣ በደንብ ይድረቅ። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ስስ አድርገህ ቀባና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቅ፤ በጣትህ ስትነካው ጣትህ ላይ ሳይቀር ያዝ ሲያደርግ ግጠመው። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ እርጥቡን ይገጥመዋል። ከገጠምክ በኋላ በመዶሻ ቀጥቅጠው፣ በተቆረጠ የጎማ ከመነዳሪ ጠምጥመህ እሰረው፣ 24 ሰዓት አትንካው። ሚስማር እንዳትመታበት፤ ሶሉ ውስጥ ያለውን የሚስማር መከላከያ ትበሳለህ፣ ጫፉም ወደ እግርህ ይመጣል።

መልስ፦ የሳይት ሴፍቲ ተቆጣጣሪ

የተጠገነው ለቤትና ለመንገድ ይሁን እንጂ ወደ ሳይቱ አትመልሰው። የ20345 ደረጃ ራሱ የመጣያ መለኪያ አለው፦ ሶሉ ከቆዳው ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ርዝመትና ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ጥልቀት ከተላቀቀ፣ እግር በሚታጠፍበት ቦታ የሶሉ ጥርስ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ የቆዳው ስንጥቅ እስከ ውፍረቱ ግማሽ ከደረሰ ይቀየራል። ሁለት ጣት ማለት ከመለኪያው አልፏል። አፍንጫው ላይ ከባድ ነገር የወደቀበት ጫማም ምንም ባይታይበት ይቀየር፤ በተለይ ኮምፖዚቱ ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቆ ላዩ ደህና ይመስላል።