ለ11 ሰው የበዓል ስጦታ፣ በአምናው ገንዘብ ሲሶ፦ እንዴት ልወጣው?

ጥያቄ፦ የወር መጨረሻ

ሰላም ለሁላችሁ። በዓሉ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፣ እኔ ግን ከአሁኑ ጭንቅ ይዞኛል። ስጦታ የምሰጣቸውን ሰዎች ስቆጥር 11 ናቸው። እናቴ፣ አባቴ፣ ሁለት ወንድሞቼ ከነሚስቶቻቸው፣ ሦስት የወንድሞቼ ልጆች (2፣ 6 እና 13 ዓመታቸው ነው)፣ አክስቴ እና አንዲት የልብ ጓደኛዬ።

አምና ለሁሉም ደህና ነገር ልግዛ ብዬ ተበደርኩ። ብድሩን ከፍዬ የጨረስኩት በአራት ወሬ ነው። ከሁሉ ያናደደኝ ለአክስቴ የገዛሁት የእጅ ቦርሳ ነው። ባለፈው ወር ቤቷ ስሄድ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ከነላስቲኩ ተቀምጦ አየሁት።

ዘንድሮ ያለኝ የአምናው ሲሶ ነው። ብድር በቃኝ። ቆንቋና ሳልባል፣ እነሱም ሳይከፋቸው እንዴት ልወጣው? «ዋናው ሐሳብሽ ነው» እንዳትሉኝ ብቻ። እሱን እናቴም ትለኛለች።

መልስ፦ ደብተር ያዥ

እህቴ፣ ገንዘቡን ከመከፋፈልሽ በፊት ሰዉን ቀንሺ። ከአንቺ ጋር ቤተሰቡ ውስጥ ስምንት አዋቂ አለ። ሁሉም ለሁሉም ከሰጠ 56 ስጦታ ይገዛል ማለት ነው። ዕጣ ብታወጡና እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ብቻ ቢሰጥ ግን ስምንት ስጦታ ይበቃል። ያንቺ ዝርዝር ከ11 ወደ 5 ይወርዳል፦ አንድ አዋቂ፣ ሦስቱ ልጆችና ጓደኛሽ። ልጆቹን ዕጣው ውስጥ አታስገቧቸው፣ ያኮርፋሉ።

ስለ ዕጣው አንድ ነገር ልንገርሽ። ስም በኮፍያ ውስጥ ከታችሁ ብታወጡ፣ ማንም የራሱን ስም የማያገኝበት ዕድል 37 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። የእኛ ቤት ሦስት ጊዜ ደግመን አራተኛው ላይ ተጣልተናል። ከዚያ ወዲህ ስሞቹን በወረቀት ጽፈን፣ በውዝን በመስመር እንደረድራለን። እያንዳንዱ ከእሱ ቀጥሎ ላለው ይሰጣል፣ የመጨረሻው ለመጀመሪያው። የራስ ስም የሚባል ጣጣ የለም። የ13 ዓመቷ ትደርድርላችሁና ለየሰዉ በየጆሮው ትንገረው። (ወንድ ከሆነም ያው ነው።)

ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትዪ አሁኑኑ ንገሪያቸው። አንዱ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ከሆነ ቅሬታ ነው የሚያመጣው። የገንዘቡንም ጣሪያ አብራችሁ ወስኑ። እመኚኝ፣ ወንድሞችሽም ይህን የሚናገርላቸው ሰው ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

መልስ፦ መርፌና ክር

አሁን አንዱ መጥቶ «በእጅሽ ሥሪላቸው፣ ይረክሳል» ይልሻል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ለአራት ሰው የአንገት ልብስ በክር ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። የክሩ ዋጋ ብቻ ተሠርቶ ከሚሸጠው በለጠ። የበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራተኛውን እየሠራሁ ነበር። ክሩም ጊዜውም አለቀና ለታናሽ ወንድሜ የደረሰው አንገቱን አንድ ዙር ዞሮ ለመቋጠር የማይበቃ ነገር ነው። እስካሁን ስሙ «የአንገት ካልሲ» ነው።

የእጅ ሥራ ጥሩ የሚሆነው ሙያውም ዕቃውም ቀድሞ ቤትሽ ካለ ነው። ለበዓሉ ብለሽ አዲስ ሙያ አትጀምሪ።

መልስ፦ አልበም

ለእናትና አባት ከፎቶ የሚበልጥ ርካሽ ስጦታ አላየሁም። አዲስ ግን አይደለም፣ የድሮ። አባቴ በወጣትነቱ ብስክሌት ይዞ የተነሳው አንድ የተጨማደደ ፎቶ ነበር። አሳተምኩለት። ራሱን አላየም። ጣቱን ብስክሌቱ ላይ አድርጎ «ይቺ የጎረቤታችን ናት፣ ሰንሰለቷ ሁሌ ይወልቅ ነበር» ብሎ ጀመረ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። ያንን ታሪክ ማናችንም ሰምተነው አናውቅም ነበር።

አሠራሩ ይኸውልሽ። ፎቶውን ከአልበሙ የላስቲክ ኪስ አውጪው፣ አለዚያ ያንጸባርቃል። መስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርጊውና ያለ ፍላሽ ከላይ ቀጥ ብለሽ አንሺው። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ጥርት ብሎ እንዲታተም ወደ 1200 በ1800 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ያ ለዛሬ ስልክ ምንም ማለት አይደለም። ችግሩ አላላኩ ላይ ነው። ፎቶን እንደ ፎቶ በመልእክት ስትልኪው መተግበሪያው ይጨምቀዋል፣ ጥራቱም ይወርዳል። እንደ ፋይል ላኪው። ሲታተም ጀርባው ላይ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ጻፊበት። በስክሪፕቶ ተጭነሽ ከጻፍሽ ግን ፊት ለፊቱ ላይ ያብጣል፣ ቀለል አድርጊው።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

ልጆቹን ለኔ ተይልኝ።

የ2 ዓመቱ ምን እንደተሰጠው አያውቅም፣ ዋጋ አታባክኚበት። የኔዋ በዚያ ዕድሜዋ መጫወቻውን ትታ በካርቶኑ ነው የተጫወተችው። መጠንቀቅ ያለብሽ ደኅንነቱን ነው። ዕቃው ወይም ከላዩ የሚነቀል ነገር በሶፍት ጥቅል ውስጥ ባለው የካርቶን ቱቦ የሚያልፍ ከሆነ ለዚያ ዕድሜ አይሆንም፣ ያንቀዋል። ማግኔትና የሰዓት ባትሪ የመሰለች ክብ ባትሪ ያለበትን ነገር ደግሞ ጭራሽ አትንኪው። እነዚያ ከተዋጡ አንጀት የሚበሱና ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ናቸው። ርካሽ መጫወቻ ላይ የባትሪው ክዳን ብዙ ጊዜ ያለ ብሎን ነው የሚመጣው፣ ገልብጠሽ እዪው።

ለ6 ዓመቱ አንድ የእጅ ባትሪ ግዢለት። የባትሪ ድንጋዩን አብረሽ ካልሰጠሽ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል።

የ13 ዓመቱን ጠይቂው። በዚያ ዕድሜ መገመት ኪሳራ ነው።

መልስ፦ ቀጥታ

እኔማ ሁሉንም ጠይቂ ነው የምልሽ። ጆኤል ዋልድፎገል የሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን የደረሳቸውን የበዓል ስጦታ ዋጋ እንዲገምቱ ጠየቃቸው። የሰጡት ግምት ከተገዛበት ዋጋ ከአሥር በመቶ እስከ ሲሶ የሚደርስ ያንሳል። ብዙ የሚባክነውም ከአክስት፣ ከአጎትና ከአያት በመጣው ነው፣ ምርጫቸውን አያውቁማ። የቁም ሳጥኑን ቦርሳ አስታወሰኝ።

መልስ፦ አልበም

@ቀጥታ ያ ጥናት የጠየቀው የስሜቱን ዋጋ ሳትቆጥሩ ገምቱ ብሎ ነው። የአባቴ ብስክሌት በዚያ ሚዛን የወረቀት ዋጋ ነው የምታወጣው። ይልቅ ለጠያቂዋ የሚጠቅማት ፍሊን እና አዳምስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። ሰጪዎች ስጦታው በተወደደ ቁጥር ምስጋናው የሚጨምር ይመስላቸዋል። ተቀባዮቹ ጋ ግን ዋጋውና ምስጋናው አልተያያዙም። ያንን ብታውቂ አምና ባልተበደርሽ ነበር።

መልስ፦ የወር መጨረሻ (ጠያቂዋ)

ተባረኩ። @ደብተር ያዥ፣ ዛሬውኑ ለወንድሞቼ ጻፍኩላቸው። ትልቁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «እሰይ» ብሎ መለሰ። እናቴ ትንሽ አኩርፋለች፣ «ለልጆቼ ሳልሰጥ ልዋል ወይ» ብላ። እሷ የፈለገችውን ታድርግ ብለን ተውናት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዕጣ አውጥተን አክስቴ ብትደርሰኝስ? ሁሉ ነገር አላት። ወይም ቦርሳውን መልሳልኝ ለሌላ ሰው ልስጠው?

መልስ፦ መርፌና ክር

ቦርሳውን እንዳትጠይቂ! የተሰጠን ነገር መልሶ መስጠት ራሱ ነውር አይደለም፣ አዲስ ከሆነና ሰጪው ካላየ። እኔ ግን አንዴ የተሰጠኝን መጽሐፍ ለጓደኛዬ ሰጥቼ፣ ከፍታ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበችው። «ለውድ እህቴ» ይልና የኔ ስም ነበረበት።

መልስ፦ ደብተር ያዥ

ሁሉ ነገር ያለው ሰው የሚያማርረው ነገር አያጣም። አክስትሽ አዘውትራ የምታማርረው ምንድን ነው?

መልስ፦ የወር መጨረሻ (ጠያቂዋ)

ሃሃ፣ መነጽሯን! ሁሌ «መነጽሬን አያችሁት?» ነው። አናቷ ላይ አድርጋው። ስልኳም ሞልቶ የልጆቹን ፎቶ መቀበል አቁሟል።

መልስ፦ ደብተር ያዥ

አለቀ በቃ። አንገት ላይ የሚንጠለጠል የመነጽር ማሰሪያ። ስልኩን ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ ሄደሽ አጽጂላት። ግን «አንድ ቀን እመጣለሁ» የሚል ካርድ እንዳትሰጪያት። የዚያ ዓይነት ካርድ ስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ሲያረጅ አይቻለሁ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊበት።

መልስ፦ የወር መጨረሻ (ጠያቂዋ)

ዕጣው ዛሬ ወጣ። አክስቴ አልደረሰችኝም፣ አባቴ ነው የደረሰኝ። ማሰሪያውን ግን እገዛላታለሁ፣ ኢምንት ነው ዋጋው። @አልበም፣ የአባቴን የድሮ ፎቶ እናቴ ሻንጣ ውስጥ አገኘሁት፣ ጥጉ ተቀዷል። እንዲህ እንዳለ ላሳትመው ወይስ ላስጠግነው?

መልስ፦ አልበም

ፊቱን ካልነካው እንዳለ ተይው። እና በዚህ ሳምንት ስጪ፣ በዓል ሲቃረብ የማተሚያ ቤት ወረፋ አይቻልም።