ከቬሎሲቲ ተነስቼ ርቀቱ ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ አንድ ጥያቄ አላላውስ ብሎኛል። ቀጥ ባለ መስመር የሚሄድ ፓርቲክል ቬሎሲቲው (ፍጥነቱ ከነአቅጣጫው) 3ቲ² − 12ቲ + 9 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ቲ በሰከንድ የሚለካ ጊዜ ነው። ሲነሳ 4 ሜትር ላይ ነበር። ኢንቴግሬት ሳደርገው ፖዚሽኑ (ያለበት ቦታ) ቲ³ − 6ቲ² + 9ቲ + 4 ሆነ። 4ኛው ሰከንድ ላይ 8 ሜትር ይደርሳል፤ ዲስፕሌስመንቱ (ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው የቦታ ለውጥ) 4 ሜትር ማለት ነው። እስከዚህ ደህና።

የቸገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መልሱ የተጓዘው ጠቅላላ ርቀት 12 ሜትር ነው ይላል። ከየት መጣ? ቬሎሲቲው 1ኛውና 3ኛው ሰከንድ ላይ ዜሮ ነው፣ በመሃል ኔጌቲቭ ይሆናል። ወደ ኋላ ይመለሳል ማለት ነው? ታዲያ ኢንቴግራሉን ሦስት ቦታ ልከፍለው? የመነሻው 4 ሜትርስ ዲስፕሌስመንቱ ውስጥ ለምን አይገባም? እባካችሁ ምክንያቱን አስረዱኝ፣ ፈተና ደርሷል።